ያልተተኛበት አልጋ

በግቢያችን ውስጥ ስለ ሆቴል የሚያውቅ ሰው ቢኖር ዘርፉ ናት። በሃያ ዓመቷ ከወለንጪቲ መጥታ፣ ጉልበቷ ደረጃ መውጣት እምቢ እስኪላት ድረስ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ እዚሁ አዳማ በአንድ ሆቴል አልጋ አንጣፊ ሆና ሠርታለች። ሆቴሉ የስብሰባ ሆቴል ነው። ከአዲስ አበባም፣ ከመልካሳም፣ ከሐዋሳም አበል የሚከፈላቸው ሰዎች እየመጡ ሦስት ቀን፣ አምስት ቀን ተሰብስበው ይመለሳሉ። ሲሄዱ እስክሪብቶና ደብተር፣ አንዳንዴም ጽሑፍ ያለበት የጨርቅ ቦርሳ ትተው ይሄዳሉ። የዘርፉ ቤት በእንዲህ ዓይነት ቦርሳ የተሞላ ነው። ሽንኩርቷን «የመስኖ ውኃ አጠቃቀም ሥልጠና» በሚል ቦርሳ፣ ነጠላዋን «የእናቶችና ሕፃናት ጤና ዐውደ ጥናት» በሚል ቦርሳ ታንጠለጥላለች።

አልጋ ስታነጥፍ ያየ ሰው ቆሞ ነው የሚያያት። አንሶላውን አንዴ ወደ ላይ ትወረውረውና አየር ይዞ ሲወርድ፣ መሃሉ ራሱ ፍራሹ መሃል ላይ ያርፋል። ጥጉን እንደ ፖስታ ታጥፈዋለች። ከዚያ መዳፏን ውኃ ነካ አድርጋ ከራስጌ እስከ ግርጌ ትዳብሰዋለች፤ የቀረች ፀጉር ካለች መዳፏ ላይ ትለጠፋለች። የትራሱ አፍ ወደ በር አይዞርም። መታጠቢያ ቤቱን አድርቃ፣ ፎጣውን አጥፋ ሰቅላ ስትወጣ፣ ቁልፉን ከውጭ በኩል በሩ ላይ ሰክታ ትተዋለች። በእነሱ ሆቴል ቁልፉ ከውጭ የተሰካ በር «ይህ ክፍል ተሠርቶ አልቋል፣ እንግዳ ይግባበት» ማለት ነው።

ደንቡ ብዙ ነበር። አልጋ አንጣፊ በኋላ በር በኩል ባለው ደረጃ እንጂ በሊፍት አትወጣም። ፊት ለፊት ያለው ሶፋ ላይ አትቀመጥም። ሥራ ከሌላት ከልብስ ማጠቢያው በር አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ትቀመጥና ስትፈለግ ትጠራለች። ዘርፉ ሠላሳ አምስት ዓመት እንዲህ ስትሠራ አንድም ቀን ሆቴል ውስጥ ተኝታ አታውቅም። ስንቱን ሰው አስተኝታ፣ እሷ ማታ ማታ በባጃጅ ወደ ግቢያችን ትመለስ ነበር።

አንድ ልጅ አለቻት፣ ሊዲያ። እኛ ሊዲ እንላታለን። አባቷ በመኪና አደጋ ሲሞት ገና አራት ዓመት አልሞላትም ነበር። ልጅቷ ጎበዝ ስለነበረች ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ፋርማሲስት ሆነች፣ እዚያው አዲስ አበባ ቀረች። ኪዳነወልድ የሚባል የደህና ቤተሰብ ልጅ አገባች። ሠርጉ የኮሮና ጊዜ ነበርና ከሃምሳ ሰው በላይ አይቻልም ተባለ። ከሃምሳው ሰው ውስጥ ዘርፉ አልነበረችም።

«እማ፣ መንገዱ ያስፈራል፣ ዕድሜሽም ነው። በሽታው ሲያልፍ ለአንቺ ሌላ ድግስ እንደግሳለን» አለቻት።

በሽታው አለፈ። ድግሱ ግን አልመጣም። ዘርፉ የልጇን ሠርግም የባሏንም ቤተሰብ የምታውቃቸው በፎቶ ነው። ይህን አንድም ቀን እንደ ወቀሳ አንስታው አታውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ምስር ስንለቅም፣ «የሊዲ አማት እኔን መንገድ ላይ ብታየኝ እኮ አታውቀኝም» አለችኝና ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

ዘንድሮ ሚያዝያ ሃያ አራት ሊዲ ሴት ልጅ ወለደች። ዘርፉ ልሂድ፣ ላርሳት ስትል «ቤቱ ጠባብ ነው፣ ሠራተኛም አለች፣ ለክርስትናዋ ትመጫለሽ» ተባለች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ዘርፉ ከፎዚያ ሱቅ በተሰጣት የግድግዳ ካላንደር ላይ ቀኑን በጣቷ እየቆጠረች ሐምሌ አሥራ ሦስት እሑድ ላይ ደረሰችና በእስክሪብቶ ከበበችው። ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በሁሉም ፊት፣ የልጅቷ አያት ሆና ትቆማለች። የምትፈልገው ይኸው ነበር፤ ሌላ ነገር አልፈለገችም።

ሊዲ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ደወለች። ዘርፉ ስልኩን ዘግታ ስትወጣ ፊቷ በርቶ ነበር።

«ሆቴል ልትይዝልኝ ነው!» አለች ለእኔ፣ ከግቢው ማዶ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «ሦስት ሌሊት! ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ!»

ፎዚያ ከግቢያችን በር ላይ ሱቅ ያላት ሴት ናት። ምላሷ ስል ነው፤ ልቧ ግን ደግ ነው። ስኳር እየመዘነች አንገቷን በመስኮት አወጣች።

«ምን? ሆቴል? ልጅ ያላት ሰው ሆቴል? ነጋዴ ነሽ ወይስ ተሰብሳቢ?»

«ቤቱ ሞልቶባት ነው። የኪዱ እናትና እህቶቹ ከደብረ ብርሃን መጥተዋል።»

«የእሱ እናት ቤት ውስጥ፣ የእሷ እናት ሆቴል!» አለች ፎዚያ ስኳሩን እያሰረች። «ደግ ነው። ሊዲ እዚህ ስትመጣ አንቺ ደግሞ ደጅ ድንኳን ጣዪላት።»

«አንቺ ደግሞ ነገር አታጣምሚ» አለች ዘርፉ እየሳቀች። «እኔ እኮ ደስ ብሎኛል። አልጋ ሲነጠፍልኝ ልይ እስቲ።»

እውነቷን ነበር። እኔ የፎዚያ ነገር ገብቶኛል። በእኛ ዘንድ ዘመድ መጥቶ አልጋ ቢጠፋ እንኳ መሬት ላይ ይነጠፍለታል እንጂ ሆቴል አይሰደድም። ግን ዘርፉ ደስ ብሏት ነበርና ይህን አላነሣሁባትም።

ከዚያ ወዲያ ሥራችን የሆቴሉን ነገር ማሰናዳት ሆነ። እኔ እስከ ስምንተኛ ተምሬአለሁና ጽሕፈት የእኔ ድርሻ ነው።

«ጻፊ» አለችኝ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ። «አንደኛ፣ ሊዲ ከወጥ ቤት በላይ ያለውን ክፍል እንዳትቀበል። አንሶላው ሳይቀር ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ሁለተኛ፣ የውኃ ሞተሩ ካለበት በኩል ያለውን እንዳትቀበል። ሦስተኛ፣ ሊፍቱ ጎን ያለውን።»

«ሊፍቱ ደግሞ ምን አደረገ?»

«ድንግ ድንግ ይላል። እንግዳ ጧት ጧት እኛን የሚሰድበን በሊፍቱ ነው።»

«ሌላስ?»

አሰበች። «አልጋ አንጣፊዋ የየት አገር ልጅ እንደሆነች ትጠይቅልኝ። አይ፣ እሱስ ይቅር፤ ራሴ እጠይቃታለሁ።»

ዝርዝሩን ለሊዲ በስልክ አነበብኩላት። ሊዲ ሳቀችና «ሰዎቹ ሥራቸውን ያውቁታል እኮ፤ ዝም ብላ ትምጣ» አለችኝ።

ሰኞን ዘርፉ ለከተማው ሰጠችው። አዲስ አበባን የምታውቀው ዓይኗን ልትታከም ሄዳ በአንድ ቀን ስለተመለሰች፣ በሐኪም ቤቱ በር ብቻ ነው። ሰኞ በጧት ቃሊቲ ሄዳ የከተማውን ባቡር ልትሳፈር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ልትሄድና እንደገና በዚያው ልትመለስ አሰበች። ወለንጪቲ ልጅ ሆና የድሬዳዋው ባቡር በቤታቸው ጓሮ ሲያልፍ እጇን ታውለበልብ ነበር እንጂ አንድ ቀን እንኳ ተሳፍራ አታውቅም። «መውረድ የለ፣ መጥፋት የለ። ሐዲዱ የሚወስደኝ ድረስ ነው» አለችኝ።

ለሕፃኗ አራት ትንንሽ አንሶላ ሠራች። ጨርቁን ከገበያ ገዝታ፣ ሦስት ጊዜ አጥባ፣ ጠርዙን በእጇ ሰፋች። የእኔ የስፌት መኪና እዚያው ተቀምጦ «በመኪና ልስፋልሽ» ብላት «የመኪና ክር ጠርዙ ላይ ይጠነክራል፤ የሕፃን ጉንጭ ይፍቃል» አለች። ሲያልቅ ተኩሳ፣ እርስ በርሳቸው ገጥመው እስኪቆሙ ድረስ አጥፋ፣ በንጹሕ ወረቀት ጠቀለለቻቸው።

ቅዳሜ ጧት ወደ መናኸሪያ ስትወጣ ፎዚያ ከሱቋ ብስኩት አውጥታ ሰጠቻት።

«በይ፣ የሆቴሉን ሳሙና ጠቅልለሽ አምጪልኝ።»

«እኔ? ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ የጎደለ ሳሙና ስጠየቅበት ኖሬ?»

«ታዲያ ካሳሽን ማምጣት ነዋ!»

ሦስታችንም ሳቅን። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረችኝ ራሷ ናት። በአንድ ቀን አልነገረችኝም፤ እየቆረሰች ነው።

ቃሊቲ ስትደርስ ይዘንብ ነበር። ጉቱ የሚባል፣ የኪዳነወልድ ቤተሰብ ሾፌር፣ ጃንጥላ ይዞ ጠበቃት። ቦርሳዋን ተቀብሎ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣት።

«ወደ ቤት ነን?» አለችው።

«እትዬ ሊዲ በቀጥታ ወደ ሆቴሉ ውሰዳቸው፣ ይረፉ ብላኛል፣ እማማ።»

ክፍሏ ሁለት መቶ አራት ነበር። ሊፍቱ ጎን አይደለም፣ ወጥ ቤቱም ሩቅ ነው፤ ደስ አላት። ጉቱ ከሄደ በኋላ በሩን ዘግታ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር፣ በራስጌው እንጨት ላይ ጣቷን ማሳለፍ ነበር። አቧራ የለም። ፍራሹን ጫን አለችው። ጥሩ ነው። ከዚያ የአንሶላው አንዱ ጥግ ላላ ብሎ አየችው። የታጠፈ ሳይሆን የተወተፈ ነው። «ልጅቷ ደክሟት ይሆናል» አለችና አውጥታ አስተካከለችው። አልጋው ላይ መቀመጥ ከብዷት፣ ሊዲ እስክትመጣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀች።

ሊዲ አመሻሽ ላይ መጣች። ፀጉሯን ተሠርታለች፤ ሽቶዋ ክፍሉን ሞላው። የመኪና ቁልፏን በእጇ እንደያዘች ነበር።

«ልጅቷስ?» አለች ዘርፉ።

«ብርድ ነው እማ። ነገ ታያታለሽ አይደል? ጉቱ ንጋት ላይ አሥራ አንድ ተኩል ይመጣል። ተዘጋጅተሽ ጠብቂው፤ ጥምቀቱ ሳይጀመር መድረስ አለብን።»

ዘርፉ አንሶላዎቹን አወጣች። ሊዲ ወረቀቱን ገለጥ አድርጋ «ውይ፣ ሲያምር! ግን እኮ ሞልቶናል እማ፣ ለምን ደከምሽ» ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እማ፣ ነገ የኪዱ እናት ከጠየቀችሽ... ሆቴል ውስጥ ኃላፊ ነበርኩ በያት።»

«የምን ኃላፊ?»

«ዝም ብሎ ኃላፊ። እኔ እንደዚያ ብያት ነው።»

«ከጠየቀችኝስ? የስንት ሰው ኃላፊ ብትለኝስ?»

«አትጠይቅሽም። ብቻ ስለ አልጋ ምናምን አታንሺ።»

ዘርፉ የልጇን ጫማ አየች። የሚያምር ጫማ ነው። «እሺ» አለች።

ሊዲ ሳመቻትና ሄደች። ብትቆይ ሩብ ሰዓት ነው።

እሑድ፣ ሰማዩ ገና ሳይገለጥ ዘርፉ ተነሣች። ገላዋን ታጠበች፣ አዲሱን የሐበሻ ቀሚሷን ለበሰች፣ ነጠላዋን አጣፋች። ስልኳን አጠፋች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቢጮህ በሰው ፊት እንዴት እንደምትዘጋው ስለማታውቅ፣ ከአሁኑ አጥፍታው ብትሄድ ይሻላል ብላ ነው። ከዚያም እጇ አልጋውን አነጠፈ። እጇ ነው የምለው፣ እሷ ራሷ «እኔ አላሰብኩትም» ስላለችኝ ነው። አንሶላው ወደ ላይ ተወርውሮ ወረደ፣ ጥጉ እንደ ፖስታ ታጠፈ፣ መዳፏ ውኃ ነክቶ ከራስጌ እስከ ግርጌ ሄደ። መታጠቢያ ቤቱን አደረቀች። ፎጣውን አጥፋ ሰቀለች። ቦርሳዋንም ይዛ ወጣች። እንግዳ ዕቃውን ክፍል ውስጥ ትቶ አንድ ነገር ቢጠፋው የምትጠየቀው አልጋ አንጣፊዋ ናት፤ ዘርፉ ይህን ታውቀዋለች፤ በማታውቃት ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዲመጣ አልፈለገችም።

ቁልፉን ከውጭ በሩ ላይ ሰክታ ተወችው።

በኋላ በር በኩል ባለው ደረጃ ወረደች። ታች ከልብስ ማጠቢያው በር አጠገብ አግዳሚ አገኘች። እሷ ሆቴል እንደነበረው ያለ የእንጨት አግዳሚ ነው፤ ዓይኗ ሳይፈልገው አገኘው። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ጉቱ ሲመጣ ይጠሩኛል ብላ ነው።

ከሩቅ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ይሰማል። ወፎቹ ጮኹ። ሰማዩ ግራጫ ሆነ። በፊት በር በኩል መኪና ገብቶ ሲወጣ ሰማች፤ ግን ማንም አልጠራትም። ስለዚህ የሌላ ሰው መኪና ነው አለች። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ተነሥታ ልጠይቅ ብላ አሰበች፤ ወደ እንግዳ መቀበያው የሚያስገባው የመስታወት በር ላይ ደረሰችና የተወለወለውን ወለል፣ ጭቃ የነካውን ጫማዋን አየች። ሰዎቹን አላስቸግር ብላ ተመለሰች። መንገድ ተዘግቶበት ይሆናል። አሥራ ሁለት ተኩል ሆነ።

አንድ ሰዓት ላይ አንሶላ የተሸከመች ልጅ ከልብስ ማጠቢያው ወጣች። አያንቱ ትባላለች፣ የአዳሚ ቱሉ ልጅ ናት።

«አካም ቡልተኒ፣ አዮ?» አለች የዘርፉን ፊት አይታ፤ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ማለቷ ነው። «ምነው እዚህ ብርድ ላይ? ሰው ፈልገው ነው?»

«ነጋ፣ ልጄ። ሾፌር እየጠበቅኩ ነው። ሲመጣ ይጠሩኛል።»

«እንግዳ ነዎት እንዴ?»

«አዎ። ሁለት መቶ አራት።»

አያንቱ አንሶላውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠች። «ሁለት መቶ አራት እርስዎ ነዎት? ኧረ ሰውየው መጥቶ ሄዷል! ክፍልዎ ተደወለ፣ የሚያነሣ የለም። ዘበኛው ወጥቶ ሲያይ ቁልፉ በሩ ላይ ነው፣ ዕቃ የለም፣ አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ‹ሰው አላደረበትም› ብሎ ወረደ። እኔንም ጠርተው አሳዩኝ። ሰው ቀርቶ ዝንብ ያረፈበት አይመስልም። ‹ትናንት ይህን ያነጠፈችው ማን ናት?› ብዬ ስገረም ነበር። እኔ እኮ እንደዚያ አላጥፍም።»

«እኔ ነኝ» አለች ዘርፉ።

«እርስዎ? ለምን ብለው?»

ስልኳን አውጥታ ለአያንቱ ሰጠቻት። አያንቱ ከፍታ ደወለችላት። የሊዲ ስልክ ዝግ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ናት። የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ደግሞ ዘርፉ አልጠየቀችም ነበር፤ የሚወስደኝ ሰው አለ ብላ።

አያንቱ ከሠራተኞች ወጥ ቤት ሻይና ዳቦ አመጣችላት። ዘርፉ ሻዩን ይዛ አልጠጣችውም። በየሩብ ሰዓቱ ደወሉ። ሊዲ ያነሣችው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ከኋላዋ እልልታና የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።

«እማ? ናዝሬት ገባሽ?»

«ሆቴል ነኝ።»

«የትኛው ሆቴል?»

«አንቺ የያዝሽልኝ።»

ሊዲ ከሰው መሃል ወጣች መሰለ፣ እልልታው ራቀ።

«ጉቱ መጥቶ አላደሩም አሉት እኮ! ስልክሽ ዝግ፣ ዕቃሽ የለ፣ አልጋው ያልተተኛበት። እኔ... ሆቴል ስላሳደርኩሽ ተቀይመሽ በሌሊት የተመለስሽ መሰለኝ።»

ዘርፉ ይህን ስትነግረኝ እዚህ ላይ ወደ እኔ ዞረች። «አየሽ፣ እኔ አልተቀየምኩም ነበር» አለችኝ። «ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። አንቺ ታውቂያለሽ።»

ለልጇ ግን እንዲህ አለቻት። «ታዲያ የሚያስቀይም መሆኑን ታውቂ ነበር ማለት ነው።»

«እማ፣ እንደሱ አይደለም...»

«ተጠመቀች?»

«ተጠመቀች። አላለቀሰችም እንኳ።»

«እሰይ። ለሰዎቹ ስለ እኔ ምን አልሻቸው?»

«ደም ግፊቷ ተነሥቶባት ሌሊት ተመለሰች አልኳቸው። ምን ልበል? በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት...» ሊዲ ማልቀስ ጀመረች። «አሁን ጉቱን ልላክልሽ? ቤት ምሳ አለ። ግን... አሁን ስትመጪ ምን እላቸዋለሁ? ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ቀለል ሲል ልላክልሽ እንዴ?»

«ተዪው» አለች ዘርፉ። «ታምማለች ካልሽ ታምሜአለሁ። ሰው ፊት ውሸታም አትሁኚ።»

«እማ...»

«የክርስትና ስሟን ማን አሏት?»

«ውይ፣ ወለተ... ወለተ ምን ነበር? ካህኑ ሲሉ እኮ ሰምቼ ነበር። የኪዱ እናት ይዛዋለች። ጠይቄ በጽሑፍ እልክልሻለሁ።»

አያንቱ «ክፍሉ እኮ እስከ ማክሰኞ የእርስዎ ነው። ይውጡና ትንሽ ጋደም ይበሉ» አለቻት። ዘርፉ ግን «ተነጥፏል፤ አላበላሸውም» አለች። ለአያንቱ ፎዚያ የሰጠቻትን ብስኩት ሰጥታ፣ ጥጉን እንዴት እንደምታጥፈው በአንድ ንጹሕ አንሶላ አግዳሚው ላይ አሳየቻትና ተነሣች።

ቃሊቲ ስትደርስ የከተማው ባቡር ሲያልፍ አየችው። ቀኑ ገና ነበር፤ ብትፈልግ ትሳፈር ነበር። አልተሳፈረችም።

እኔ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ ቦርሳዋን ይዛ በግቢው በር ገባች። ፎዚያም አየቻት። «ነገ ባቡር ልትሳፈሪ አልነበር እንዴ?» ልትል አፏን ከፈተች፣ የዘርፉን ፊት አየችና ዘጋችው። ፎዚያ ነገር ስትውጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዘርፉ ለጎረቤቱ ሁሉ «ሆቴሉ ጥሩ ነበር። ሙቅ ውኃ ሃያ አራት ሰዓት አለው። ፍራሹ አዲስ ነው» አለች። የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ፎቶዎቹ በፎዚያ ስልክ መጡ። ሕፃኗ በነጭ ልብስ በክርስትና እናቷ እጅ ላይ ናት። የክርስትና እናቷ የኪዳነወልድ እኅት ናት። የኪዳነወልድ እናት ጎናቸው ቆማለች። ዘርፉ ፎቶውን በሁለት ጣቷ እየለጠጠች የልጅቷን ፊት ብቻ እስኪያሳይ ድረስ አሰፋችው። «አፍንጫዋ የአባቴ ነው» አለች።

ስሙን የያዘው ጽሑፍ ግን አልመጣም። ሊዲ በዚያው ሳምንት ደውላ ስለ ብርዱ፣ ስለ ደም ግፊት መድኃኒት አወራች። ዘርፉ ስሙን እንደገና ጠየቀቻት። «ውይ፣ ረሳሁት እማ! ዛሬ ማታ እልክልሻለሁ።» በሚቀጥለውም ሳምንት እንደዚሁ። ከዚያ ወዲህ ዘርፉ አልጠየቀችም። «ልጄን በስም አላስጨንቃትም» አለችኝ።

ፍልሰታ ሲገባ፣ በየዓመቱ እንደምናደርገው፣ የቤተሰቧን የክርስትና ስም ጽፌ እንድሰጣት መጣች። ለጸሎት የሚነበብ ነው። ወረቀት አወጣሁ። የሟቹን ባሏን ገብረ ሚካኤልን ጻፍኩ። የእናቷን ወለተ ሐናን ጻፍኩ። የሊዲን ወለተ ጽዮንን ጻፍኩ።

«ቀጥሎስ?» አልኳት፣ ማንን እንደምትፈልግ እያወቅኩ።

«መስመሩን ክፍት ተይው» አለች። «እስከ ነገ ትልክ ይሆናል።»

በማግስቱ ወረቀቱን እንዳለ ቤተ ክርስቲያን ወስደን ሰጠን። መሪጌታው ነጠላቸውን ሰብስበው፣ የሁሉንም ሰው ወረቀት በየተራ ማንበብ ጀመሩ። ገብረ ሚካኤል አሉ። ወለተ ሐና አሉ። ወለተ ጽዮን አሉ። ባዶው መስመር ላይ ሲደርሱ የተደመሰሰ ነገር እንዳለ ለማየት ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ጠጋ አደረጉት፤ ከዚያም ገልብጠው አስቀመጡትና የሌላ ሰው ቤተሰብ ማንበብ ቀጠሉ።